ዘፋኙ ሲሞት ቤቱ የማን ነው? የፍሬዲ መርኩሪ ሰዎችና ሌሎች ጥያቄዎች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የሮክ ከዋክብት ካረፉ በኋላ በዙሪያቸው የነበሩት ሰዎች ምን እንደሚሆኑ ለጠየቃችሁን እንመልሳለን። ከተላኩልን ጥያቄዎች የሚበዙት የእንግሊዙ የሮክ ባንድ የኩዊን ድምፃዊ የፍሬዲ መርኩሪን ቤት የሚመለከቱ ስለሆኑ ከእሱ እንጀምራለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፍሬዲ ሲሞት አብረውት ይኖሩ የነበሩት ምን አገኙ? ጂም ሃተን ከቤት ተባረረ የሚባለውስ እውነት ነው? (ከአዳማ)

ፍሬዲ ኖቬምበር 24 ቀን 1991 ለንደን ኬንሲንግተን በሚገኘው ጋርደን ሎጅ በተባለው ቤቱ ሲያርፍ ኑዛዜውን ከፈረመ ገና ሁለት ወር ቢያልፈው ነው። ቤቱንና ከተራፊው ሀብት (ሌላው ሁሉ ተከፍሎ ከሚቀረው) ግማሹን ለሜሪ ኦስቲን ተናዘዘ። ሜሪ በ1970ዎቹ የፍቅር ጓደኛው የነበረች፣ ከተለያዩም በኋላ እስከ መጨረሻው ያልራቀችው ሴት ናት። የቀረው ግማሽ ሩብ ለወላጆቹ፣ ሩብ ለእህቱ ለካሽሚራ ሆነ። ተራፊው ከመከፋፈሉ በፊት ግን ቁርጥ ገንዘብ የተመደበላቸው ነበሩ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሕይወት አጋሩ የነበረው ጂም ሃተን፣ ምግብ አብሳዩ ጆ ፋኔሊና የግል ረዳቱ ፒተር ፍሪስቶን እያንዳንዳቸው 500,000 ፓውንድ፣ ሾፌሩ ቴሪ ጊዲንግስ 100,000 ፓውንድ።

ገንዘቡ ትንሽ አይደለም። ጠቡ የመጣው በጣሪያው ነው። ሃተን በ1994 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳለው፣ ፍሬዲ እስከፈለገ ድረስ እዚያው ቤት እንዲቆይ በአፉ ነግሮት ነበር። ኑዛዜው ውስጥ ግን ይህ አልሰፈረም። በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፣ በቃል ያለ ይረሳል እንደሚባለው ሆነና፣ ቤቱ ያለ ምንም ገደብ የሜሪ ስለሆነ ሃተን በጥቂት ወራት ውስጥ እንዲለቅ ተጠየቀ፤ ለቀቀም። ኋላ ወደ አገሩ አየርላንድ ተመልሶ ካርሎው ውስጥ በሠራው ቤት ኖረ፤ በ2010 መጀመሪያ ላይ አረፈ። እንግዲህ «ተባረረ» ማለት ይቻላል፣ «ባለቤቷ ቤቷን ተረከበች» ማለትም ይቻላል፤ ሕጉ የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ማስቀረት ይቻል ነበር። የእንግሊዝ ሕግ ቤቱን ለአንዱ ሰጥቶ የመኖር መብቱን ለሌላው ማቆየት ይፈቅዳል። አንቀጹ እንዲሠራ ግን «ይኑርበት» ማለቱ አይበቃም። እስከ መቼ (ዕድሜ ልኩን ነው? ሌላ እስኪያገባ? ለአምስት ዓመት?)፣ የጣሪያና የቧንቧ ጥገናውን ማን ይችላል፣ ኢንሹራንሱንና የአካባቢ ግብሩን ማን ይከፍላል፣ ነዋሪው ቢታመምና ወደ እንክብካቤ ቤት ቢገባ መብቱ ይቆማል ወይስ ቤቱ ተከራይቶ ኪራዩ የእሱ ይሆናል፣ ይህ ሁሉ መጻፍ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጥገናው ነው። ነዋሪው «የእኔ ቤት አይደለም» ይላል፣ ባለቤቱ «እኔ አልኖርበትም» ይላል፣ መሀል ቤት ጣሪያው ያፈሳል።

ሃተን ፍርድ ቤት መሄድ ይችል ነበር ወይ ብለው ለጠየቁን ሌላ አንባቢ፦ በ1975 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ በሟቹ ይተዳደር የነበረ ሰው ከውርሱ ድርሻ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ቀነ ገደቡ የኑዛዜ ማስፈጸሚያ ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ 6 ወር ነው። ሆኖም በ1991 አብሮ መኖር ብቻውን ለክስ የሚያበቃ ምክንያት አልነበረም። ለወንድና ሴት የተፈቀደው ከ1996 ጀምሮ ለሞቱ ሰዎች ነው፣ ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ደግሞ ከ2005 መጨረሻ ወዲህ። ጥገኛ ነበርኩ ብሎ የሚከስ ሰው ደግሞ ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ በእጁ ከገባ በኋላ ዳኛ ፊት የሚያሳየው ችግር አይኖረውም።

ጥያቄ፦ ሜሪ ኦስቲን የወረሰችው ሁሉ ንጹህ ገንዘብ ነው? ግብር የለበትም? (ከለንደን)

አለበት፣ ያውም ከባዱ ዓይነት። በእንግሊዝ ለሕጋዊ ባል ወይም ሚስት የተናዘዙት ከውርስ ግብር ነፃ ነው። ሜሪ ሚስቱ አልነበረችም፤ ስለዚህ በሕጉ ፊት ከጎረቤት እኩል ናት። ፍሬዲ በሞተበት የግብር ዓመት ከግብር ነፃ የነበረው የመጀመሪያው 140,000 ፓውንድ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው 40 በመቶ ይቆረጥበታል። ለምሳሌ 8 ሚሊዮን ፓውንድ የሚገመት ውርስ ቢሆን 7,860,000 ላይ ግብሩ 3,144,000 ይሆናል። ይህ የማንም እውነተኛ ሂሳብ አይደለም፣ ስሌቱን ለማሳየት ነው።

የሚያስቸግሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ጊዜው ነው። ግብሩ ከሞቱበት ወር መጨረሻ ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ መከፈል አለበት፤ አስፈጻሚዎቹ ደግሞ የማስፈጸሚያ ፈቃዱን የሚያገኙት የመጀመሪያውን ክፍያ ከፈጸሙ በኋላ ነው። ፈቃዱ እስኪመጣ የሟቹ ባንክ ብዙውን ጊዜ አይከፈትም። ገንዘቡን ለማግኘት ግብር መክፈል፣ ግብር ለመክፈል ገንዘቡን ማግኘት ያስፈልጋል ማለት ነው። ባንኮች ለዚሁ ሲሉ ያበድራሉ፣ ወለዱ ግን ከውርሱ ይወጣል። በቤት ላይ የሚከፈለውን ድርሻ በ10 ዓመታዊ ክፍያ መክፈልም ይፈቀዳል፤ ቤቱ ከተሸጠ ግን ቀሪው በአንዴ ይጠየቃል።

ሁለተኛው ከማን ድርሻ ይቆረጣል የሚለው ነው። ኑዛዜው ሌላ ካላለ ግብሩ የሚወጣው ከተራፊው ነው። ቁርጥ ገንዘብ የተናዘዙለት ሾፌር 100,000 ፓውንዱን ሙሉ ይወስዳል፤ «ግማሹን ወራሽ» የተባለው ሰው ግን የሚወርሰው ዕዳ፣ የቀብር ወጪ፣ የጠበቃና የግብር ሂሳብ ከተነሣለት በኋላ የተረፈውን ግማሽ ነው። ጋዜጣ ላይ «ግማሹን ሀብት ወረሰች» ሲባል ይህን አስታውሱ።

ደግሞ የሚጠብቁት ሁሉ መጠበቃቸው ግድ ነው። አስፈጻሚን ከሞቱ አንድ ዓመት ሳይሞላ «አከፋፍል» ብሎ ማስገደድ አይቻልም። በዚያ ዓመት ደሞዙ የቆመበት ሠራተኛ በራሱ ቁጠባ ነው የሚኖረው።

ጥያቄ፦ ስታዲየም ውስጥ «ዊ ዊል ሮክ ዩ» ሲዘፈን የፍሬዲ ወራሾች ይከፈላቸዋል? (ከሐዋሳ)

በድርሰቱ በኩል አይከፈላቸውም። የዚያ ዘፈን ደራሲ ጊታሪስቱ ብራያን ሜይ ነው። ተከትሎት የሚመጣው «ዊ አር ዘ ቻምፒየንስ» ግን የፍሬዲ ነው። በ1977 በአንድ ሸክላ የወጡት ሁለቱ ዘፈኖች ዛሬም እየተከታተሉ ይጫወታሉ፣ የደራሲ ገንዘባቸው ግን ሁለት ቤት ይገባል። «ቦሄሚያን ራፕሶዲ»፣ «ሰምቦዲ ቱ ላቭ»፣ «ላቭ ኦፍ ማይ ላይፍ» የፍሬዲ ድርሰቶች ናቸው። «አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት» የቤዝ ተጫዋቹ የጆን ዲከን፣ «ራዲዮ ጋ ጋ» የከበሮው የሮጀር ቴይለር ነው። በስም መጨቃጨቁ ሲያሰለቻቸው በ1989 ከወጣው አልበም ጀምሮ ሁሉንም በአራቱ ስም ማስመዝገብ ጀመሩ።

ከዚህ ሌላ የቅጂው መብት አለ። ይህ ለተቀረጸው ድምፅ የሚከፈል ስለሆነ ደራሲው ማንም ይሁን ማን ፍሬዲ በዘፈነበት ሁሉ የውል ድርሻው ለወራሾቹ ይደርሳል። በአሜሪካ መደበኛ ሬዲዮ ግን የሚከፈለው ለደራሲ ብቻ ነው፤ ዘፋኙና ተጫዋቹ ከአየር ላይ ሥርጭት ሳንቲም አያገኙም። ወራሾች «አሜሪካ ውስጥ ይህን ያህል ተጫውቶ ለምን ይህችን ብቻ?» ብለው የሚደናገጡት እዚህ ላይ ነው።

ዕድሜውም ይለያያል። በእንግሊዝ የድርሰት መብት ደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል፤ ለብቻው የጻፋቸው እስከ 2061 መጨረሻ ማለት ነው። የቅጂው መብት የሚቆጠረው ግን ከወጣበት ዓመት 70 ነው። ስለዚህ በ1975 የወጣው የ«ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ቅጂ በ2045 መጨረሻ ነፃ ሲወጣ ድርሰቱ ገና 16 ዓመት ይቀረዋል።

በ2024 ሶኒ የኩዊንን የሙዚቃ መብቶች ወደ አንድ ቢሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ ለመግዛት መስማማቱ ተዘግቧል። የቋሚ ገቢ ባለቤት የነበረ ወራሽ እንዲህ ባለ ሽያጭ የወደፊቱን ገቢ ባንድ ጊዜ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ዘፈኑ ለየትኛው ማስታወቂያ ይዋል የሚለውን የመወሰን ሥልጣን ግን ከእጁ ይወጣል። ለልጅ ልጅ የሚያስብ ሰው ሁለቱን ሳያመዛዝን መፈረም የለበትም።

ጥያቄ፦ የቀሩት የባንዱ አባላትስ? (ከጅማ)

ኤፕሪል 20 ቀን 1992 ዌምብሌይ ስታዲየም ላይ የመታሰቢያ ኮንሰርት አቀረቡ፤ ከእሱ በመነጨ ገንዘብ የኤድስ መከላከያ የሆነው መርኩሪ ፊኒክስ ትረስት ተቋቋመ። ፍሬዲ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት ሞንትሮ ውስጥ ቀርጾ የተወውን ድምፅ ይዘው በ1995 የመጨረሻውን አልበም አወጡ። ዲከን ከ1997 በኋላ ከመድረክ ራቀ። ሜይና ቴይለር ከሌሎች ድምፃውያን ጋር ቀጥለዋል።

ጥያቄ፦ የኤልቪስ ፕሪስሊ «የሜምፊስ ማፊያ» የተባሉት ጓደኞቹ ለምን ባዶ እጃቸውን ወጡ? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

ኑዛዜው ውስጥ ስማቸው ስላልነበረ ነው። ኤልቪስ ማርች 1977 የፈረመው ኑዛዜ አባቱን ቨርነንን፣ አያቱን ሚኒ ሜይንና ልጁን ሊሳ ማሪን ነው የሚጠቅሰው። መኪና፣ ቤት፣ ጌጥ በእጁ ሲያድላቸው የኖሩት ጓደኞች ኦገስት 16 ቀን 1977 ሲሞት ደሞዛቸው ቆመ። በሕይወት ሳለ የሰጣቸው ስጦታ የራሳቸው ሆኖ ቀረ፤ ከዚያ ውጭ የሚጠይቁበት ወረቀት አልነበራቸውም። ከመካከላቸው ቀድመው የተባረሩት ሦስቱ እሱ ከመሞቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት ገመናውን በመጽሐፍ አውጥተው ስለነበር ቤተሰቡም ለጓደኞች ልቡ አልራራም።

ቢጠቀሱም እንኳ የሚከፈለው ገንዘብ ጥቂት ነበር። በ1973 ሥራ አስኪያጁ ኮሎኔል ቶም ፓርከር ከዚያ በፊት የተቀዱትን ዘፈኖች የወደፊት ክፍያ ለአርሲኤ ኩባንያ በ5.4 ሚሊዮን ዶላር አሸጠው። ኤልቪስ ሞቶ ሸክላው በሚሊዮን ሲቸበቸብ ከእነዚያ ቅጂዎች ለወራሿ የሚመጣ የለም ማለት ነው። ፓርከር ከገቢው የሚወስደው 50 በመቶ ነበር፤ በ1980 ፍርድ ቤት ለልጅቱ ጥቅም የሚመረምር ጠበቃ ሾሞ፣ በ1983 በስምምነት ተለያዩ።

ግሬስላንድ የተባለው የኤልቪስ ቤት ግን በዓመት ወደ 500,000 ዶላር ይበላ ነበር። ቨርነን በ1979 ሲሞት አስፈጻሚ የሆነችው የኤልቪስ የቀድሞ ሚስት ፕሪሲላና አጋሮቿ ቤቱን ከመሸጥ ይልቅ ጁን 7 ቀን 1982 ለጎብኚ ከፈቱት። ፎቁ እስከ ዛሬ ዝግ ነው። የኤልቪስ አክስት ዴልታም እስከ 1993 ቱሪስት ከሚመላለስበት ቤት አልወጣችም።

ጓደኞቹ በየፊናቸው ሥራ ፈለጉ። ጆ ኤስፖሲቶ ለሌሎች ዘፋኞች የጉዞ አስተባባሪ ሆነ፣ ሬድ ዌስት ፊልም ተዋናይ ሆነ፣ ጄሪ ሺሊንግ የባንድ ሥራ አስኪያጅነት ያዘ። በእኛ ግምት ከሁሉም የተሻለ የወጡት እነዚህ ናቸው፤ ሙያ ነበራቸው። «የእሱ ሰው» ከመባል ሌላ መጠሪያ ያልነበረው ትዝታውን እየቸረቸረ ከመኖር አላለፈም።

ጥያቄ፦ ሻሸመኔ እንኖራለን። የቦብ ማርሌይ ባንድ አባላት ከቤተሰቡ ጋር ተካሰው ተሸነፉ ይባላል፤ ለምን? (ከሻሸመኔ)

ቦብ ሜይ 11 ቀን 1981 ማያሚ ውስጥ በ36 ዓመቱ ሲሞት ኑዛዜ አልተወም። ስለዚህ ውርሱ በጃማይካ ሕግ መሠረት ለሚስቱ ለሪታና ለልጆቹ ሄደ፤ ባንዱ ወራሽ አይደለም። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። የቤዝ ተጫዋቹ አስተን «ፋሚሊ ማን» ባሬት 60 ሚሊዮን ፓውንድ ይገባኛል ብሎ ለንደን ከስሶ በ2006 ተረታ። ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ በ1994 ገንዘብ ተቀብሎ የፈረመው የስምምነት ውል ነው። እንዲህ ያለ ውል ብዙውን ጊዜ «ያለፈውንም የሚመጣውንም ጥያቄዬን ሁሉ ትቻለሁ» የሚል አንቀጽ አለው። ፈራሚው ዓይኑ የሚያርፈው ቼኩ ላይ ነው፤ የሚያስረው ግን ያ አንቀጽ ነው። ከመፈረም በፊት የሚጠየቀው «ስንት?» ብቻ ሳይሆን «የደራሲነት ድርሻዬ፣ የተጫዋችነት ድርሻዬና የባንዱ ስም ተለይተው ተጽፈዋል?» መሆን ነበረበት።

አስከሬኑ ወደ ሻሸመኔ ይመጣል የተባለው በ2005 መስቀል አደባባይ ላይ 60ኛ ልደቱ በተከበረበት ሰሞን ነው። አልሆነም፤ መቃብሩ እዚያው ጃማይካ ናይን ማይል ነው።

ጥያቄ፦ ኑዛዜ ካለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው? (ከመቀሌ)

አይደለም። ዶርስ የተባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ ድምፃዊ ጂም ሞሪሰን በ1969 በጻፈው ኑዛዜ ሁሉንም ለፍቅር ጓደኛው ለፓሜላ ኮርሰን ሰጠ፤ እሷ ከእሱ በኋላ ሦስት ወር ካልቆየች ለወንድሙና ለእህቱ እንዲሆን አዘዘ። እሱ ጁላይ 1971 ፓሪስ ውስጥ ሞተ። ፓሜላ ሦስት ወሩን አልፋ በኤፕሪል 1974 ሞተች፣ እሷ ግን ኑዛዜ አልነበራትም። ስለዚህ የዶርስ ድርሻ ወደ ፓሜላ ወላጆች ዞረ። የሞሪሰን ወላጆች ተከራክረው በመጨረሻ ለሁለት ተካፈሉ። የሦስት ወሩ አንቀጽ ችግር የለበትም፣ ለአደጋ ጊዜ የሚጻፍ የተለመደ ነገር ነው። የጎደለው «እሷ በሕይወት እስካለች ገቢውን ትውሰድ፣ ከእሷ በኋላ ለእገሌ» የሚለው ነው፤ ወይም ወራሿ ራሷ በወረሰች ማግሥት የራሷን ኑዛዜ መጻፏ።

ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ በ1970፣ ዘፋኙ ፕሪንስ በ2016 ያለ ኑዛዜ ነው የሞቱት። የሄንድሪክስ ሁሉ ለአባቱ ለአል ሆነ፤ እሱም የልጁን ሙዚቃ ከሌሎች እጅ ያስመለሰው በ1995 ነው። የፕሪንስ ውርስ ግምት በ156.4 ሚሊዮን ዶላር የተቋጨው ከሞተ ስድስት ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ነው።

ጥያቄ፦ በ2023 የፍሬዲ ዕቃ በጨረታ ሲሸጥ ገንዘቡ ለማን ሄደ? እኔስ የዘፋኝ ደብዳቤ ወይም ካሴት በእጄ ቢኖር መሸጥ እችላለሁ? (ከቴል አቪቭ)

ዕቃው የሜሪ ስለነበር ሻጯ እሷ ናት። ሶዝቢስ አጫራች ቤት ከ1,400 በላይ ዕጣዎችን ሸጦ ድምሩ 39.9 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ። ከገቢው ከፊሉ ለመርኩሪ ፊኒክስ ትረስትና ለኤልተን ጆን የኤድስ ፋውንዴሽን ተመደበ። ያማሃ ፒያኖው በ1.7 ሚሊዮን ሄደ፣ ከተገመተለት ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን አልደረሰም፤ ከ400 እስከ 600 ፓውንድ የተገመተች የብር የጢም ማበጠሪያ ግን 152,400 አወጣች። አድናቂዎች የጻፉበት አረንጓዴው የአትክልት በር 412,750 ፓውንድ ተሸጧል። ሁሉም ያለ ዝቅተኛ መነሻ ዋጋ ነበር የቀረቡት፤ ይህ ገዢ ይስባል፣ ሰው ያላያት ዕቃ ግን በርካሽ ልትሄድ ትችላለች። የሚነገረው ዋጋ ገዢው ለአጫራቹ የሚጨምረውን ኮሚሽን ያካትታልና ሻጩ ይህን ሁሉ አይረከብም።

ወደ እርስዎ ስንመጣ፦ ደብዳቤው ለእርስዎ የተጻፈ ከሆነ ወረቀቱ የእርስዎ ነው፤ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ቃሉ ግን የጸሐፊው፣ እሱ ከሌለም የወራሾቹ ነው። ስለዚህ ገዢው ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል እንጂ ያለ ፈቃድ መጽሐፍ ውስጥ ሊያትመው አይችልም። በዚያው ጨረታ የ«ቦሄሚያን ራፕሶዲ»ን የእጅ ጽሑፍ በ1.38 ሚሊዮን የገዛው ሰውም ከዘፈኑ ገቢ ምንም አያገኝም። ካሴት ከዚህ የጠበበ ነው፦ ፕላስቲኩ የእርስዎ ቢሆንም ድርሰቱ የደራሲው ነው፣ ቅጂው ደግሞ የቀረጸው ወይም ውሉን የያዘው ኩባንያ፤ ኢንተርኔት ላይ መልቀቅ ሁለቱንም ይነካል።

ለመሸጥ ካሰቡ በመጀመሪያ እንዴት እጅዎ እንደገባ የሚያሳየውን ሁሉ ይሰብስቡ፦ ፖስታውን ከነማህተሙ፣ በዚያ ዘመን አብራችሁ የተነሣችሁትን ፎቶ፣ የደሞዝ ወረቀት ካለ እሱን። አጫራች ቤት ከፊርማው በላይ የሚመረምረው ይህንን ነው። «ሰጥቶኝ ነበር» የሚል የቀድሞ ሠራተኛ ወራሾቹ «ከቤት ወስዶት ነው» ቢሉበት ማስረጃ ካላቀረበ ጨረታው ይታገዳል፤ ክርክሩ እስኪያልቅም ዕቃው አጫራቹ መጋዘን ይቀመጣል። ካሴቱን ደግሞ ገዢ ፊት ደጋግመው አያጫውቱት፤ የቆየ ቴፕ ሽፋኑ ይላጣል። አንድ ጊዜ በባለሙያ ወደ ዲጂታል ይቀየር፣ ዋናው ቆሞ በደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ይቀመጥ።